ጋሼ፣ እድሩን በቴሌብር መክፈል ያቁሙ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የ62 ዓመት አባት የጻፉት ነው። ረዘም ይላል፣ እሳቸው ራሳቸው «አሳጥረሽ አውጪው» ስላሉኝ ዋና ዋናውን ላስቀምጥ።

«34 ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፣ ሰፈሩ ሲነሳ እኛም ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን። ቤቱ መጥፎ አይደለም። ሁለቱም ልጆቼ አሜሪካ ናቸው፣ ይልኩልኛል። ስኳር ስላለብኝ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። አሁን ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ጣራ ሳይ አድራለሁ። ጨጓራዬ ይነደኛል፣ ትከሻና ወገቤን ይይዘኛል፣ ኢንዶስኮፒም አልትራሳውንድም ታይቼ ምንም የለቦትም ተባልኩ፣ ኦሜፕራዞል ብቻ እየዋጥኩ ነው። ምግብ አይጥመኝም፣ ሱሪዬ ሰፍቶኛል። ዜና ማየት ራሱ ትቻለሁ። እድር ስብሰባ አልሄድም፣ የወሩን በቴሌብር እከፍላለሁ። ስም እረሳለሁ፣ እየጃጀሁ ይሆን? ማታ ሁለት መለኪያ አረቄ ካልቀመስኩ አይኔ አይከደንም። ሚስቴ ጠበል እንሂድ ትላለች። ትልቁ ልጄ ‹አባዬ ምን ጎደለህ?› አለኝ፣ እውነትም ምንም አልጎደለኝም፣ ምስጋና ቢስ ሆኜ ነው እንዴ? አንዳንዴ ብሞት ለሁሉም ግልግል ነው እላለሁ። ይሄን ለሚስቴም አልነገርኳትም።»

ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ከመጨረሻው ልጀምር፣ «ብሞት ግልግል ነው» ካሏት። በቀጥታ ስለምጠይቆት አይቆጡኝ። ሐሳቡ እንዲያው «ፈጣሪ በወሰደኝ» አይነት ነው ወይስ እንዴት እንደሚያደርጉት፣ መቼ እንደሚያደርጉት ማሰብ ጀምረዋል? መንገዱን ካሰቡበት ወይ ለዚህ ብለው ያስቀመጡት ነገር ካለ፣ ይሄን ጽሑፍ እዚህ ጋር ያቁሙትና ሚስቶትን ይጥሩ፣ አሁን፣ ከዛ አንድ ሰው ይዞት ዛሬውኑ ቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ ሌሊት ከሆነ ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ብቻዎን አይደሩ። እንደዛ ካልሆነም እንኳን ቤት ውስጥ ያለው ትርፍ ኪኒን በሙሉ ሚስቶት ጋር ይቀመጥ፣ ምክንያቱንም ይንገሯቸው። ይሄን የምታነቡ ሚስቶችና ልጆችም ልብ በሉልኝ፣ ሰውን «ስለ መሞት ታስባለህ ወይ» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ብዙ ጊዜ እንደውም ብቻውን የተሸከመውን የሚያወርድበት ሰው አገኘ ማለት ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ «ምን ጎደለህ»።

ልጆት ክፉ አስቦ አይደለም፣ እሱም እዛ ሁለት ሥራ እየሠራ ይሆናል፣ የላከው ብር መድኃኒት ካልሆነ ሌላ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ነው። ግን ጋሼ፣ ስኳሩ የተገኘቦት ጊዜ «ምን ጎድሎህ ነው ስኳር የያዘህ» ያሎት ሰው አለ? የለም። ስኳር ሲባል ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ሻዩን ያለ ስኳር ያቀርባል። ይሄኛው፣ ድብርቱ፣ ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚቆጠረው ያለዎት ነገር ነው፣ ቤት አለህ፣ ልጆችህ ደርሰዋል፣ ጡረታህ ይገባል፣ ታዲያ ምን ሆንክ? እንዲህ የተባለ ሰው ምን ይመልሳል፣ በበሽታው ላይ ጥፋተኝነት ይጨምርና ዝም ይላል። ያ «ምስጋና ቢስ ሆንኩ» የሚሉት ነገር ራሱ ከምልክቶቹ አንዱ ነው እኮ፣ ራስን ያለ ጥፋት መውቀስ።

ደግሞስ ምንም አልጎደለም ያለው ማነው? 34 ዓመት ሙሉ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጠብቆት ወንበር ነበር፣ አንድ ቀን ቢቀሩ የት ሄዱ የሚል ሰው ነበር። ካዛንቺስ ከበር ብቅ ሲሉ አምስት ሰው ሰላም ሳይሉ ታክሲ ጋ አይደርሱም ነበር፣ ባለሱቁ የቤቱን ወጪ ከእርሶ በላይ ያውቀዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና ጠጡ ብሎ የሚጣራ የለም፣ ቢጣራም በሩ ዝግ ስለሆነ አይሰማም። እነዚህን ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው ያጡት፣ ለቅሶ ተቀምጦ ያስተዛዘኖት ግን የለም፣ ምክንያቱም ማንም አልሞተም። እኔ ይሄን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። ቢሆንም ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱ ስለገባን ብቻ «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ እድሜ ነው» ብለን አንተወውም። እግር የተሰበረበት ምክንያት ቢታወቅም ይታሰራል አይደል?

ቋንቋችንም ትንሽ ያታልለናል። «ደበረኝ» የምንለው መብራት ሲጠፋም ነው፣ ቡድናችን ሲሸነፍም ነው፣ የልጅ ልጆቻችን ደግሞ ዋይፋይ ሲቆራረጥ ደበረኝ ይላሉ። ስለዚህ ድብርት ያዘኝ የሚል የ60 ዓመት ሰው ሲሰሙ ሰዎች ወጣ ብለህ ተናፈስ ይሉታል በቃ። ባለሙያዎቹ አሁን አሁን «ድባቴ» የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል፣ ለመለየት። እነሱ የሚያዩት ይሄን ነው፤ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ወይ ልብ ይከፋል ወይ ድሮ ደስ የሚል የነበረው ነገር ሁሉ ደስታው ይጠፋል፣ ከዛ ላይ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ አቅም፣ ሐሳብ መሰብሰብ፣ ራስን መውቀስ፣ ስለ ሞት ማሰብ ይጨመራል። እርሶ የጻፉልኝን ቁጭ ብዬ ከዚህ ጋር ሳስተያየው አብዛኛውን ራስዎ ጽፈውታል፣ ድብርት የሚለውን ቃል ግን አንድም ቦታ አልተጠቀሙም። ሌሊት 9 ሰዓት መንቃቱም፣ ማታ እንቅልፍ ቶሎ አልመጣ ከማለቱ ይልቅ ሳይነጋ ነቅቶ መቅረቱ፣ ለሐኪም ብዙ የሚናገር ነገር ነው።

በእርሶ እድሜ ያለ ሰው አዝኛለሁ አይልም፣ ወገቤን ይላል። እናቴን ልንገሮት። ጡረታ በወጣች በዓመቷ ጨጓራዬ ማለት ጀመረች፣ እኛም ከአንዱ ክሊኒክ ወደ አንዱ ይዘናት ዞርን፣ ባክቴሪያ ነው ተብሎ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ዋጠች፣ ሾርባ ሆነ አብሽ ሆነ ያልሞከርነው የለም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም የምርመራ ወረቀቶቹን ሁሉ ወደ ጎን አድርጋ «እማማ፣ ሌሊት ይተኛሉ?» አለቻት። እናቴ፣ አባቴ ሲሞት ራሱ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት፣ እዛ ወንበር ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ውጪ ካርድ ይዤ ቆሜ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት እየኖርን ያን ጥያቄ ጠይቄያት አላውቅም። የኛ ሰው አንድ ነገር ሲከብደው «ሆድ ይፍጀው» ይላል፣ ሆድም እሺ ብሎ ይፈጀዋል፣ ከዛ ኢንዶስኮፒ እንታያለን።

ይሄን ስል ህመምዎ የውሸት ነው እያልኩ እንዳይመስሎት። ጨጓራው ይነዳል፣ ትከሻው ያማል። ድባቴ እንቅልፍንም፣ ምግብንም፣ ህመም የሚሰማበትን ልክም ያበላሻል፣ ሰውነትና ልብ የሚኖሩት አንድ ቤት ነው።

አሁን ሰኞ ምን ያድርጉ። ጤና መድህን ካሎት ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፣ ሪፈር የሚጻፈው ከዛ ስለሆነ። የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ፣ ኦሜፕራዞሉንም፣ ሰው ያዋሶት የእንቅልፍ ኪኒን ካለ እሱንም፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። እና እባኮት «ጨጓራዬን» ብለው አይጀምሩ፣ ከጀመሩ ሌላ ኦሜፕራዞል ጽፈው ይሸኞታል፣ በቀን ስንት ሰው እንደሚያዩ ያውቁታል። እንዲህ ይበሉ፤ «ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ደስ የሚለኝ ነገር የለም፣ ኪሎ ቀንሻለሁ፣ መሞት አስባለሁ።» በቃ። ካፈሩ ወረቀት ላይ ጽፈው ይስጡ፣ ለእኔ ጽፈውት የለ? ዘጠኝ ጥያቄ ያለው አንድ መጠይቅ ሊሞሉ ይችላሉ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፣ ድምሩ 27 ነው፣ 10 እና ከዛ በላይ ከመጣ ሐኪሙ በደንብ ሊያየው ይገባል። መጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ነው፣ እሱን እንዳይዘሉት።

ደም ምርመራም ይጠይቁ። ድባቴ የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች አሉ፣ እንቅርት ባይታይም ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ሆርሞን ሲያንስ ሰውን ያደክማል ያስተክዛል፣ ደም ማነስም እንደዛው። በእርሶ ላይ ደግሞ እኔን ያሳሰበኝ ቫይታሚን ቢ12 ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ቢ12 በደንብ እንዳይሰበስብ ሊያደርግ ይችላል፣ ኦሜፕራዞልም ለረጅም ጊዜ ከሆነ እንደዛው፣ እርሶ ሁለቱንም ነው የሚወስዱት። ቢ12 ሲያንስ ድካም፣ መርሳት፣ መተከዝ፣ እግር መደንዘዝ ይመጣል። ይሄ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ካልሆነም ማወቁ አይከፋም። ሜትፎርሚኑን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ! ስኳር ያለበት ሰው ድባቴ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያገኘዋል፣ ድባቴ የያዘው ሰው ደግሞ ስኳሩን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም የሚያውቅ ሐኪም ያስፈልጎታል።

መርሳቱን በተመለከተ፣ ቶሎ «ጃጀሁ» አይበሉ። ሐሳብ ሌላ ቦታ ከሆነ ስም ከየት ይምጣ? ድባቴ በዚህ እድሜ ሲመጣ የመርሳት በሽታ እስኪመስል ድረስ ጭንቅላትን ያዘገያል፣ ሲታከም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ያኔ ለብቻው ይታያል።

ሪፈር ከተጻፈ ጥቁር አንበሳም፣ ጳውሎስም፣ ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማኑኤልም አለ። አውቃለሁ፣ «አማኑኤል» የሚለው ስም አዲስ አበባ ውስጥ ስድብ አድርገነዋል፣ እናቴም «እኔን አማኑኤል?» ብላ አንድ ወር አኩርፋኝ ነበር። ተመላላሽ ክፍሉ ወረፋ ላይ ግን ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ቦርሳ የያዙ የቢሮ ሰዎች፣ የታክሲ ሹፌር፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የሚያውቀው ሰው እንዳያገኝ የሚጸልይ።

መድኃኒት ከታዘዘሎት ጥቂት ነገር ይወቁ። ፍሉኦክሰቲን ወይ ሰርትራሊን ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ ውጠው ነገ አይነሱም፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፣ በደንብ ለመሥራት እስከ ስድስትና ስምንት ሳምንት። መጥፎው ነገር ማቅለሽለሹና መቅበጥበጡ ጥቅሙ ሳይመጣ በፊት ነው የሚመጣው፣ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት የሚጥለው ለዛ ነው። እናቴ በ10ኛው ቀን መጸዳጃ ቤት ልትጥለው ስትል ነው የያዝኳት። ሱስ አያስይዝም፣ ግን በአንዴ አይቆምም፣ ሲሻልዎት ራሱ ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላሉ፣ ከዛ ሐኪሙ ቀስ አድርጎ ነው የሚያወርደው። አሚትሪፕቲሊን ከታዘዘሎት ደግሞ ሽንት የሚይዞት ከሆነ፣ ልብ ካመሞት፣ ከአልጋ ሲነሱ የሚያዞሮት ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፣ በእርሶ እድሜ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ማታ መውደቅ አለ። የእንቅልፍ ኪኒን ከፋርማሲ በራስዎ አይግዙ። ከሳይኮሎጂስት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርም ሕክምና ነው፣ «ሽማግሌ በወሬ አይድንም» የሚሎት ካለ አይስሙት፣ እንደ ወጣቱ ይጠቅማል።

አረቄው። ሁለት መለኪያ አሉኝ (ሰው ለአማካሪ ግማሹን ነው የሚናገረው፣ አውቃለሁ)። አረቄ ያስተኛል፣ ግን እሱ ራሱ ነው 9 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሶት፣ ሌሊት እየበረደ ሲሄድ እንቅልፉን ይሰብረዋል። ጨጓራውንም ያቃጥላል፣ ከሜትፎርሚን ጋርም አይስማማም፣ ድባቴንም ያከብዳል። እውነተኛው ቁጥር ከሁለት ብዙ ከፍ የሚል ከሆነ ግን በአንድ ሌሊት አያቁሙት፣ ድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው፣ ለሐኪሙ ትክክለኛውን ቁጥር ይንገሩና እሱ ያስወርዶት።

ጠበሉን ሚስቶት ከፈለጉ አብረዋቸው ይሂዱ፣ ለሁለታችሁም አብሮ መውጣቱ ብቻ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ መድኃኒቱን ለጠበል ብለው እንዳያቋርጡ። እዛ ያለ ሰው «መድኃኒት ካለ ጠበሉ አይሠራም» ቢሎት የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፣ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ የሚያበረታቱ አባቶች ብዙ ናቸው። ጾም ሲመጣም ስኳርም ስላለቦት ለሐኪሙም ለነፍስ አባትዎም አስቀድመው ይንገሩ።

አሁን ደብዳቤውን ሳነብ ወደ ቆምኩበት ቦታ ልመለስ፣ እድሩን በቴሌብር ወደሚከፍሉበት። ሳቄም መጣ እንባዬም መጣ። ጋሼ፣ እድር እኮ ገንዘቡ አይደለም። ድባቴ መጀመሪያ ፍላጎትን ይወስዳል፣ ፍላጎት ስለሌለ እንቀራለን፣ ስንቀር ደስ የሚል ነገር አይገጥመንም፣ ስለዚህ ፍላጎቱ ይብስ ይጠፋል። ይሄ ነገር እየዞረ ነው አራተኛ ፎቅ ያስቀመጦት። ደስ ሲለኝ እሄዳለሁ ካሉ ደስ የሚሎት ቀን አይመጣም፣ ደስ ሳይሎት ሄደው ነው ደስታው ቆይቶ፣ ዘግይቶ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ የሚመጣው። መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማዎትም፣ እሱን አስቀድሜ ልንገሮት፣ ሄደው ተቀምጠው «ይኸው ምንም አልጠቀመኝም» ይላሉ። ግድ የለም ይቀመጡ።

ከትንሹ ይጀምሩ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ራስዎ ወርደው ዳቦ ይግዙ። ሚስቶት ወይ የጎረቤት ልጅ እንዳይገዙት። ደረጃው፣ የጠዋት ፀሐይዋ፣ ከባለዳቦው ጋር የሚለዋወጧት ሁለት ቃል፣ በቃ ለመጀመሪያው ሳምንት ይሄ ይበቃል። ሁለተኛው የእድሩ ስብሰባ ነው። የካዛንቺስ ሰው ቢበተንም እድሩ ከቀጠለ የተበተነው ሰው ሁሉ ከየዳሩ ታክሲ ይዞ እዛ ይመጣል ማለት ነው፣ እርሶን «ጠፉ እኮ» የሚሎት ሰው ያለው እዛ ነው። የዚህን ወር በእጅዎ ይክፈሉ። እና አንድ ነገር ልጠይቆት፣ የእድሩን ሒሳብ የሚይዘው ማነው? 34 ዓመት ሒሳብ የሠራ ሰው ቁጭ ብሎ ጣራ እያየ፣ የእድሩ መዝገብ በአንድ ደክሞት በሚጽፍ ጎረምሳ እጅ ካለ እኔ ያበሽቀኛል። ዛሬ ይረከቡ አላልኩም። ሲሻልዎት፣ መዝገቡን አንድ ቀን አምጡ እስቲ ልየው ይበሉ።

ለሚስቶት ዛሬ ማታ ይንገሯቸው፣ ካቃቶት ይሄን ጽሑፍ ስጧቸው፣ የእርሶ ደብዳቤ መሆኑን ብቻ ይጨምሩበት። ምናልባት እሳቸውም አንድ ነገር ይዘው ይሆናል፣ ሰፈራቸውን እሳቸውም አጥተዋል እኮ። ለልጆትም፣ ቪዲዮ ኮል ሲደውል ሸሚዝ ቀይረው «ደህና ነኝ» የሚሉት ነገር (አይዋሹኝ፣ ሁሉም አባት ያደርገዋል) ይቅር። «ምን ጎደለህ» ሲሎት «እንቅልፍ ጎድሎኛል፣ ሐኪም ጋ ልሄድ ነው፣ ብር ሳይሆን በየሳምንቱ እሁድ ደውልልኝ» ይበሉት። የሚደረግ ነገር ሲሰጡት እሱም ይቀለዋል።

እና ሰኞ ፌስታሉን ይዘው ሲወርዱ ዳቦውን በዛው ይግዙት። የቢ12 ውጤት ሲመጣ ቁጥሩን ይጻፉልኝ፣ የሒሳብ ሰው ኖት፣ ቁጥር አይጠፋቦትም።